የ«ጠባቧ ሳሎን» አባወራ ለምን ቀሩ

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን አቶ ራጉኤል፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤

ይህን ሁሉ ሰው ለእኔ ስንብት ብላችሁ ስለሰበሰባችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የጥራዝ ክፍሏ ወይዘሮ ፌኔት ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ስትደረድር አይቼ «ምን አለ ዛሬ?» ስላት «የሠራተኛ ስብሰባ ነው» አለችኝ። ፌኔትዬ፣ በዚህ ማተሚያ ቤት ሃያ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የሠራተኛ ስብሰባ ላይ ድፎ ዳቦ ሲቆረስ አይቼ አላውቅም!

አቶ ራጉኤል ማይኩን ሲያቀብሉኝ በጆሮዬ «እትዬ አምሳለ፣ አደራ አጠር ይበል» ብለውኛል። የሰው ጽሑፍ ሳሳጥርና ሳርም ነው የኖርኩት። የራሴን ግን ዛሬ ማሳጠር አቃተኝ። ትንሽ ታገሡኝ።

ቅድም የግራፊክሷ ቲና ግድግዳው ላይ ያሳየችንን ቪዲዮ ሁላችሁም አይታችኋል። በቅርብ የተቀጠራችሁ ላታውቁት ስለምትችሉ ልንገራችሁ። «ጠባቧ ሳሎን» ከሃያ አራት ዓመት በፊት ቅዳሜ ከሰዓት በቴሌቪዥን ይታይ የነበረ የቤተሰብ ኮሜዲ ነው። አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆችና አንዲት ጠባብ ሳሎን፤ በቃ ይኸው ነው። አባትየው አቶ ድንበሩ የተበላሸ ነገር ሁሉ እጠግናለሁ ይላሉ፤ የነኩት ሁሉ ደግሞ ይብስበታል። ሰው ሊያግዛቸው ጠጋ ሲል «አትንኩት፣ ገብቶኛል!» ይላሉ። ኢፋ ማሽኑ ላይ ወረቀት በተቀረቀረበት ቁጥር የሚጮኸው የእሳቸውን ነው። ኢፋ፣ ያኔ እኮ ገና ዳዴ ትል ነበር! ከየት አመጣኸው?

ቲና መጨረሻ ላይ የሠራተኞቹ ስም ሲያልፍ አቆመችውና «ጽሕፈትና ጥሪ፦ አምሳለ ብሩኬ» የሚለውን አጉልታ አሳየች። አጨበጨባችሁ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። «እትዬ አፈረች!» ብላችሁ ሳቃችሁ።

እውነት ነው፣ አፍሬ ነው። የምን እፍረት እንደሆነ ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

አንድ ሰው የድሮ ካሴቶቹን ገልብጦ ዩቲዩብ ላይ ከጫናቸው ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ የምሳ ሰዓታችን እንዴት እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። የቲና ስልክ ውኃ ጠርሙስ ላይ ተደግፎ፣ አሥር ሰው አንገቱን አስግጎ። ምስሉ ደብዛዛ፣ ድምፁ የሚንሿሿ። ሰው ግን ምን ያህል ወደደው! ከሥር የሚጻፈውን አስተያየት አነብ ነበር። አንዱ «ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈሩ ሁሉ እኛ ቤት ይመጣ ነበር፤ በሩ ላይ ጫማ ይከመራል» ይላል። አንዷ «አባቴ ጥርሱ እስኪታይ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው» ብላለች።

ለምን ይሆን ይህን ያህል የናፈቀን? ቀልዱ ብቻ አይመስለኝም። እዚያች ሳሎን ውስጥ የዋሸ ሰው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጋለጣል። የተኳረፈ ይታረቃል። ከዚያ ሙዚቃው ይገባል፤ ሁሉም አንድ ሶፋ ላይ ተጨናንቆ ይቀመጣል። እናንተ እሱን እያያችሁ ስትስቁ እኔ ሌላ ነገር አስብ ነበር። የእኔ ውሸት ግማሽ ሰዓት አልበቃውም። ሃያ አራት ዓመት ፈጅቷል።

ሳሎኗ ከዚህ ሩቅ አልነበረችም። እዚሁ ላፍቶ፣ ዛሬ ፎቁ ሁሉ በበቀለበት፣ አንድ ባዶ መጋዘን ተከራይተው ሦስት ግድግዳ ከኮምፖርሳቶ ሠሩ። አራተኛው ግድግዳ ካሜራው ነበር። ከመጋዘኑ ጀርባ እርሻ ነው። የእርሻው ባለቤት ኦቦ በንቲ አንድ በሬ ነበራቸው፤ ቀረጻ ልክ ሲጀመር ማግሳት ይወዳል። አዘጋጁ አንድ ቀን ላኩኝና ሄድኩ።

«ኦቦ በንቲ፣ እባክዎ በሬው ለትንሽ ጊዜ ዝም ቢልልን?»

«አንቺ ንገሪው እስቲ» አሉኝ። «እኔን እሺ ብሎኝ አያውቅም።»

ክፍል ዘጠኝን ልብ ብላችሁ ስሙት። ሽማግሌዎቹ ልጅቷን ለማጨት መጥተው ዝም ብለው ተቀምጠው ሳለ በሬው «እምቧ!» ይላል። ያልተጻፈ ነው፤ በኋላ ከሁሉ በላይ ያሳቀው እሱ ሆነ።

አዘጋጁ ጋሽ ኖላዊ ይባላሉ። አቶ ድንበሩን ሆነው የሚጫወቱት ደግሞ ጋሽ ምትኩ። ሁለቱ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ነበር የሚበሉት። አንዱ ሲጠየቅ ሌላው ይመልስ ነበር። ጋሽ ኖላዊ ቁጡ ሰው ናቸው፤ ሲቆጡ መጋዘኑ ይደነግጣል። ያኔ ጋሽ ምትኩ ጠጋ ብለው በአቶ ድንበሩ ድምፅ «አትንኩት፣ ገብቶኛል!» ሲሏቸው ሳይወዱ ይስቃሉ። በዚያ ቤት ጋሽ ኖላዊን ማሳቅ የሚችል ሰው ሌላ አልነበረም።

የእኔ ሥራ ሁለት ነው። ድርሰቱን በጽሕፈት መኪና እመታለሁ። የቀረጻ ሰዓት ሲወሰን ወይም ሲለወጥ ደግሞ ለተዋንያኑ እደውላለሁ። ጋሽ ምትኩ ቤታቸው ስልክ ስላልነበራቸው የሚጠሩት ሰፈራቸው ካለው የአህመድ ሱቅ ነበር።

የፋሲካን ልዩ ክፍል ልንቀርጽ ተዘጋጅተናል። ሠላሳ ሰው ያስፈልጋል፤ ሕፃናት አሉ፣ እንግዶች አሉ፣ ታዋቂ ዘፋኝም ተጋብዟል። ቀጠሮው ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ሰኞ ዕለት «ነገ ከሰዓት በኋላ መብራት ይጠፋል» ተባለ። ጋሽ ኖላዊ «ወደ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይለወጥ፤ ለሁሉም ደውይ» አሉኝ። ለሁሉም ደወልኩ። የአህመድ ሱቅ መስመር ተይዞ ነበር። ቆይቼ እደውላለሁ ብዬ ወደ ጽሕፈቴ ተመለስኩ። አሥራ ሁለት ገጽ ነበር የቀረኝ። ገጹ ሲያልቅ ቦርሳዬን አንስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ረሳሁት። ይኸው ነው፤ ሌላ የተደበቀ ነገር የለውም። ረሳሁት።

በማግስቱ ሁሉም ሰው በሁለት ሰዓት ተገኘ። ጋሽ ምትኩ የሉም። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ። ሕፃናቱ ማልቀስ ጀመሩ። ዘፋኙ ሌላ ቀጠሮ አለብኝ ብሎ ሄደ። አምስት ሰዓት ላይ ጋሽ ኖላዊ ወደ እኔ መጡ።

«ለምትኩ ነግረሽዋል?»

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንዲት የአልባሳት ሠራተኛ ቁልፍ ጥላ በዚያው ዕለት ተባርራ ነበር። እኔ ሥራ ከጀመርኩ ገና አራት ወሬ ነበር። ባለቤቴ ሥራ አልነበረውም። ልጅ ነበርኩ፣ አላውቅም ነበር ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። የሁለት ልጆች እናት ነበርኩ።

«ነግሬያቸዋለሁ» አልኩ።

ጋሽ ምትኩ ልክ በስምንት ሰዓት መጡ። የፋሲካ ልብሳቸውን በላስቲክ ሸፍነው፣ ተተኩሶ፣ ክንዳቸው ላይ አጋድመው። ፈገግ እያሉ ገቡ። ሰዉ ተበትኗል፤ መብራቱም ጠፍቷል። «ምነው ጨለማ ውስጥ? ፋሲካው ተሰረዘ እንዴ?» አሉ።

ጋሽ ኖላዊ ተነሡባቸው። ሰው ፊት ያልሆነ ነገር ተናገሯቸው። ጋሽ ምትኩ መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ነበር። ከዚያ «ማንም አልነገረኝም» አሉ። ሄደው አህመድን ጠየቁና በእግራቸው ተመለሱ። «ስልክ አልተደወለም ብሏል አህመድ።»

ጋሽ ኖላዊ ወደ እኔ ዞሩ። «እና እሷ ናት የምትዋሸው?»

ሁለቱም አዩኝ። ያቺ ሁለተኛ ዕድሌ ነበረች። መሬት መሬት እያየሁ «ደውያለሁ» አልኩ።

ጋሽ ምትኩ ቀና ብለው ያዩት እኔን ሳይሆን ጓደኛቸውን ነበር። «ገባኝ» አሉ። «ልታስወጣኝ ከፈለግህ በአፍህ ብትነግረኝ ይሻል ነበር።» ልብሳቸውን አንስተው ወጡ።

ክፍል ሃያ ሰባት ላይ አቶ ድንበሩ ለመስክ ሥራ ጋምቤላ ሄደዋል ተብሎ ደብዳቤ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ያንን ደብዳቤ ማን በጽሕፈት መኪና የመታው ይመስላችኋል? ከዚያ በኋላ የታየው አሥር ክፍል ብቻ ነው። አባት የሌላት ሳሎን አላስቅ አለች፤ ተዘጋች። ጋሽ ምትኩ «ቀረጻ ጥሎ የሚጠፋ፣ ሳይጠጣ አይቀርም» የሚል ስም ወጣላቸው። ዳግመኛ የጠራቸው የለም። አንድ ትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ሠርተው ጡረታ ወጡ።

እኔ ደግሞ እዚህ መጣሁ። አራሚ ሆንኩ። የሰው ስህተት እየለቀምኩ በቀይ ሳሰምር ኖርኩ።

ቤቴ ጀሞ ነው፤ የምሳለመው ሀና ማርያም ነበር። ጋሽ ምትኩም እዚያው ሰፈር ነው የሚኖሩት። አንድ ጊዜ በንግሥ ዕለት ከፊት ለፊቴ ሲመጡ አየኋቸው፤ ጃንጥላዬን ዝቅ አድርጌ ፊቴን ሸፈንኩ። ሌላ ጊዜ ዓምድ ጀርባ ቆምኩ። በሦስተኛው ደብር ቀየርኩ። ስንቶቻችሁ «እትዬ አምሳለ ለምን ያንን ሁሉ መንገድ በታክሲ ትሄዳለች?» እያላችሁ ጠይቃችሁኛል። «ስእለት አለብኝ» እላችሁ ነበር። እሱም ውሸት ነው።

ባለፈው ዓመት ቲና ስሜን ካየች በኋላ ዕረፍት አሳጣችሁኝ። በሬውን ነገርኳችሁ፤ ሳቃችሁ። ሶፋው በቀረጻ መሃል መሰበሩን ነገርኳችሁ፤ ሳቃችሁ። ከዚያ ቲና «እትዬ፣ አባትየው ለምን ጠፉ?» አለችኝ።

አፌ ውስጥ የነበረውን ጉርሻ ዋጥኩና «የግል ጉዳይ ገጥሟቸው ነው» አልኩ።

ቲና ምን ታድርግ? አምናኝ ነው። ቪዲዮው ሥር «አብራ የሠራች ሰው አውቃለሁ፤ በራሳቸው ጉዳይ ነው የተዉት ብላኛለች» ብላ ጻፈች። ቲና፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም፤ ይህን ሁሉም ሰው እንዲሰማልኝ እፈልጋለሁ። ከእሷ ሥር ሌላው «መጠጥ ነው አሉ» ብሎ ጨመረ። ሌላው ሳቀበት። በሦስተኛው ቀን ናፍቆት ምትኩ የምትባል ሴት እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እኔ ልጁ ነኝ። አባቴ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ማንም ሳይጠራው ነው ቀረ የተባለው። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ የአህመድ ስልክ በጮኸ ቁጥር ብድግ ይል ነበር።»

ይህን ያነበብኩት እዚያ ጥግ ካለው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ፌኔት «ምን ሆነሻል?» ብላኝ «ዓይኔን አሞኛል» አልኳት።

ሁለት ወር ፈራሁ። በሦስተኛው ወር ሄድኩ።

በሩን የከፈተችልኝ ናፍቆት ናት። ጋሽ ምትኩ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ትንሽ ትክ ብለው አዩኝና «አምሳለ! ያቺ ጣተ ፈጣኗ!» አሉ። ደስ አላቸው እኮ! ናፍቆትን ጠርተው «አንድ ፊደል የማትስት ልጅ ነበረች» ብለው አሞገሱኝ። እዚያው መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሳልቀመጥ ነገርኳቸው።

«መስመሩ ተይዞ ነበር?»

«አዎ፣ ተይዞ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ረሳሁት፣ ጋሼ።»

«ረሳሽው።»

«አዎ።»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጣቶቻቸውን አዩ። «እኔ እኮ ኖላዊ መስሎኝ ነው» አሉ። «ወጣት ሰው አግኝቶ ሊተካኝ ፈልጎ ነው ብዬ። ሁለት ጊዜ እዚህ ድረስ መጥቶ በልጆቼ የለም አስብዬዋለሁ። የዛሬ ስድስት ዓመት ሲሞት ልብሴን ለብሼ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ደረስኩ። ደርሼ ተመለስኩ፣ አምሳለ። የልጅነት ጓደኛዬን አልቀበርኩም።»

ባልደረቦቼ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ የሰው ሥራ ብቻ ያሳጣሁ ነበር የሚመስለኝ።

«ሥራውን ይቅር ብዬሻለሁ» አሉኝ። «ሥራ ሌላም ይገኛል። የኖላዊን ግን እኔ ይቅር ልልሽ አልችልም። እሱ የለም።» ልወጣ ስል ጠሩኝ። «ውሸቱን ሰው ፊት ነው ያልሽው። እውነቱንም ሰው ፊት በይው።»

ናፍቆት እስከ በሩ ሸኘችኝ። «ደህና ሁኚ» አላለችኝም። አልፈርድባትም።

ከዚያ የጋሽ ኖላዊን ባለቤት ወይዘሮ ገዲሴን ፈልጌ አገኘኋቸው። ለእሳቸውም ነገርኳቸው። አልጮኹብኝም። ቢጮኹብኝ ይቀለኝ ነበር። «ታሞ ተኝቶ ሳለ ምትኩን ልጥራልህ ወይ ስለው፣ የዋሸኝ እሱ ነው፣ እሱ ይምጣ ይለኝ ነበር» አሉኝ። ሁለቱም እውነተኞች ነበሩ። ሁለቱም የሌላውን ይቅርታ ሲጠብቁ ኖሩ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ደግሞ ላፍቶና ጀሞ መሃል በየቀኑ እመላለስ ነበር።

ወይዘሮ ገዲሴ «የምትኩን ስልክ ስጪኝ» አሉ። እዚያው እፊቴ ደወሉ። «ጋሽ ምትኩ፣ ገዲሴ ነኝ፤ የኖላዊ» አሉ። ከስልኩ ውስጥ የሽማግሌ ለቅሶ ይሰማኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱ አብረው መቃብሩ ድረስ ሄዱ። እኔም ልምጣ ብዬ ጠይቄ ነበር። ወይዘሮ ገዲሴ «አንቺ አትምጪ» አሉኝ። አልሄድኩም። ሰዓቱን ግን አውቀው ስለነበር እቤቴ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። ብቻ ተቀምጬ ጠበቅኩ።

የቀረኝ ሰው ፊት መናገር ነበር። ሌላ የሰው ፊት የለኝም፤ የእኔ ሰው እናንተ ናችሁ። ያዘጋጃችሁልኝን የስንብት ቀን ስላበላሸሁባችሁ ይቅርታ። ስታጨበጭቡልኝ ዝም ብዬ ተቀብዬ ብወጣ ግን ዳግመኛ መዋሸቴ ነው።

ቲና፣ ይህችን ወረቀት እንካ። ይቅርታ፣ «እንኪ» ማለቴ ነው። ቪዲዮው ሥር እንዳለ ጻፊልኝ፤ እንዳታሳምሪው። እንዲህ ይላል፦ «በጠባቧ ሳሎን የጽሕፈትና የጥሪ ሠራተኛ የነበርኩት አምሳለ ብሩኬ ነኝ። ለአቶ ምትኩ የሰዓት ለውጡን መንገር ረስቼ ነግሬያለሁ ብዬ ዋሽቻለሁ። አቶ ምትኩ አልቀሩም። አቶ ኖላዊም ሊያባርሯቸው አልፈለጉም፤ እኔ ነኝ ያሳሳትኳቸው። ሁለቱም ሰዎች ንጹሐን ናቸው።»

ከዚህ በኋላ ስትሰድቡኝ ብሰማም አልቀየምም። ስትስቁ ግን ሳቁ። ያ ኮሜዲ የእኔ አይደለም፤ የእነሱ ነው። እነሱ ደግሞ ያንን ሳቅ ሲሠሩት ይዋደዱ ነበር። ሰው እስከ ዛሬ የሚያየው እሱን ይመስለኛል።

እንግዲህ ልመርቃችሁ፤ ጡረታ ለወጣ ሰው የቀረለት ይህ ነው።

ፌኔትዬ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ኢፋ፣ እጅህን ከማሽን፣ ጤናህን ከክፉ ይጠብቅልህ። ቲና፣ ዓይንሽ ያየውን ጣትሽ ይሥራው፤ ከእኔ የምትሻል፣ አምነሽ የምትጠይቂያት ሰው አትጥፋሽ። ከኋላ የቆማችሁ አዲሶቹ፣ ሥራው ይባረክላችሁ፤ ከጓደኛችሁ ጋር ያላችሁ ነገር ሳይጠራ ፀሐይ አይጥለቅባችሁ።

አቶ ራጉኤል፣ አንድ ቀን አንዲት ሠራተኛ እየፈራች ቢሮዎ ትገባ ይሆናል፤ ትልቅ ሥራ አበላሽታ። ከመቆጣትዎ በፊት እንድትቀመጥ ይንገሯት። እግዚአብሔር ይህን ቤት «ረሳሁ» ያለ ሰው እንጀራውን የማያጣበት ቤት ያድርግላችሁ።

አሜን በሉኝ።